የመሐል ሜዳዋ ጉንዳን

ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፍን ሰው ለትምህርት የሚልከው ወደ አንበሳም ወደ ንስርም አይደለም፤ ወደ ገብረ ጉንዳን ነው። በእኛም አገር ጉንዳን ክብር አላት። እናቶቻችን የጉንዳን ሰልፍ ደጃፋቸውን አቋርጦ ሲያልፍ ባዩ ጊዜ፣ ዐመዱን ከመበተናቸው በፊት ቆም ብለው «ወይ ትጋት!» ማለታቸው አይቀርም ነበር። ይሁንና ጉንዳንን ያደነቀ እንጂ ከሰልፉ መካከል አንዷን ለይቶ በስም የጠራ ሰው አላጋጠመኝም። አድናቆታችን ሁልጊዜ ለሰልፉ ነው።

በብራዚል አገር ግን በስም የምትታወቅ አንዲት ጉንዳን አለች። የመዝገብ ስሟ ሚራይልዴስ ማሲየል ሞታ ይባላል። ዓለም የሚያውቃት ፎርሚጋ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው፤ በፖርቱጋልኛ ጉንዳን ማለት ነው። የ12 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለራሷ ሳይሆን ለቡድኗ ስትል ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ስታካልል ያዩ ሰዎች ያወጡላት ስም እንደሆነ ይነገራል። ሥራዋ እግር ኳስ መጫወት፣ ቦታዋም መሐል ሜዳ ነበር። ከ1995 እስከ 2019 በተካሄዱት ሰባት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ሁሉ ተካፍላለች (ዓመቱን ሁሉ እዚህ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሰባት የዓለም ዋንጫ ላይ የደረሰ ተጫዋች ከሴትም ከወንድም ሌላ የለም። በኦሎምፒክም እንዲሁ፤ የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገባበት ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ አንሥቶ በ2021 እስከተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ድረስ አንድም አልቀረችም። ሲደመር ሰባት። ለብሔራዊ ቡድኗ ያደረገቻቸው ጨዋታዎች ከ230 በላይ ናቸው።

ስለ አሃዙ ይህን ካልኩ ይበቃኛል። እኔ የስፖርት ጋዜጠኛ አይደለሁም፤ አሃዝ መቁጠሩን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። ስለዚህች ሴት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሌላ ነገር ነው።

በጁን 2019 አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሜ ቤት ቡና እየጠጣን ቴሌቪዥን እናያለን። በዲሽ የሚመጣው ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ነው፤ ግሬኖብል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ብራዚልና ጃማይካ ይጫወታሉ። ወንድሜ ኳስ ሲያይ ዝም ብሎ የማያይ ሰው ነው። ጥቂት እንደቆየ «ይቺ ስምንት ቁጥሯ እኮ አትሮጥም» አለኝ። እኔም ስምንት ቁጥሯን መከታተል ጀመርኩ። እውነትም እንደሌሎቹ አትሮጥም። ነገር ግን ጃማይካዎቹ ኳስ ባቀበሉ ቁጥር ኳሱ የሚሄደው እሷ ወደቆመችበት ነው። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ግን ነገሩ ገባኝ። አትሮጥም፤ ምክንያቱም ቀድማ ደርሳለች። ተንታኙ ዕድሜዋን ሲናገር ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠ። 41 ዓመት ከሦስት ወር! በዓለም ዋንጫ ላይ ተሰልፎ የተጫወተ ከእሷ የሚበልጥ ሴት ተጫዋች ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም።

ብራዚል 3 ለ 0 አሸነፈች። ሦስቱንም ጎል ያገባችው ክሪስቲያኔ ነበረች። በማግሥቱ የተወራውም ስለ ክሪስቲያኔ ነበር፤ ተገቢም ነው። እኔን ግን ያቺ ቆማ የምትጠብቀው ሴት ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ። በዕድሜ ከእኔ የምትበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለ ሕይወቷ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፎርሚጋ የተወለደችው ማርች 3 ቀን 1978 በባሂያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሳልቫዶር ነው። አባቷ የሞተው እሷ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ነበር። ያሳደገቻት እናቷ ናት። ከወንዶች ልጆች ጋር ኳስ ስትጫወት ወንድሞቿ ይመቷት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ይህ በብዙ አገር የሚሰማ ታሪክ ነው። በብዙ አገር የማይሰማው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይህች ልጅ በተወለደችበት ዕለት በብራዚል ሴት ልጅ እግር ኳስ መጫወቷ በሕግ የተከለከለ ነበር።

ሕጉ የወጣው በ1941 በፕሬዚዳንት ዤቱሊዮ ቫርጋስ ዘመን ነው። የአዋጁ ቁጥር 3199፣ አንቀጹም 54 ነው። ሴቶች ከተፈጥሯቸው ጋር የማይስማሙ ስፖርቶችን እንዳይሠሩ ይከለክላል። የትኞቹ እንደሆኑ አዋጁ አልዘረዘረም ነበር። በ1965 በወታደሮቹ መንግሥት ጊዜ የብሔራዊ ስፖርት ምክር ቤቱ ዝርዝሩን አወጣ፤ እግር ኳስ በስሙ ተጠርቶ ገባበት። እገዳው የተነሣው በ1979 ነው። ሴቶች የሚጫወቱበት ደንብ የወጣው ደግሞ ከዚያም አራት ዓመት ቆይቶ በ1983 ነው። በመካከሉ፣ በ1958፣ በ1962 እና በ1970፣ ብራዚል በወንዶች ሦስት ጊዜ የዓለም ዋንጫ አንሥታለች። የፔሌ ዘመን ብለን የምናወድሰው ያ የወርቅ ዘመን ከዳር እስከ ዳር በእገዳው ውስጥ ያለ ዘመን ነው። (ብራዚልን ብቻዋን መውቀስ ግን ግፍ ይሆናል። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ከ1921 ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህል ሴቶችን ከክለቦቹ ሜዳ አስወጥቶ ነበር፤ ምዕራብ ጀርመንም ከ1955 እስከ 1970 እንዲሁ አድርጋለች።)

ይህን ሳነብ ስለ ራሴ ሰፈር ማሰቤ አልቀረም።

የእኔ ወንድም አልመታኝም። በእኛ ቤት ዱላም አዋጅም አላስፈለገም፤ ጀሪካን በቂ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ ጠፍ መሬት ነበረ፤ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ልጆች በካልሲ ኳስ ይጋጠሙበታል። ታላቅ ወንድሜ አምበል ነበር። ተጫዋች ሲጎድልበት እኔን ያስገባኛል። ፊት መስመሩ የጉልበተኞች ነው፤ ጎል ማግባት የሚፈልግ ሁሉ እዚያ ነው የሚጋፋው። በረኛነቱ ለሕፃናቱ ይሰጣል። መሐሉ ግን ባለቤት አልነበረውም። ማንም መርጦት የሚሄድ አልነበረም። «አንቺ መሐል ሁኚና ያገኘሽውን ለእኔ አቀብዪኝ» ይለኛል። የተሰጠኝ ሥልጠና ይኸው ብቻ ነበር። ቢሆንም መሐል የቆመ ሰው ሳይወድ በግድ አንድ ነገር ይማራል፤ ኳሱ እግሩ ሥር ከመድረሱ በፊት ቀና ብሎ ማየት። ከኋላ ማን እንደሚመጣ፣ ከፊት ማን ብቻውን እንደቀረ። ፊት ያለው ጎሉን ብቻ ያያል፤ በረኛው ከፊቱ ያለውን ብቻ ያያል፤ መሐል ያለ ግን አንገቱ አያርፍም።

ችግሩ የሰፈራችን ቦኖ የሚከፈተውም ዐሥር ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። እናቴ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ ብላ «ቦኖው ሊዘጋ ነው!» ስትል ጨዋታው ለእኔ አለቀ ማለት ነው። ወንድሜ ተጠርቶ አያውቅም። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ኳስ መጫወቴንም አንድ ቀን እንኳ አልነቀፈችም። ውሃው ግን መቀዳት ነበረበት፤ የሚቀዳውም በእኔ ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ማንም «ተዪ» ሳይለኝ ተውኩት። ብራዚሎች ለ38 ዓመት በአዋጅ ያስከበሩትን ነገር እኛ ሰፈር ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ያለ ጸሐፊና ያለ ማኅተም አስከብሮታል።

እንግዲህ ይህን ያህል ስለ መሐል ሜዳ የማውቅ ሰው ነኝና ስለ ሥራው ጥቂት ልናገር። የአጥቂ ሥራ ይታያል፤ ጎል ነው። የበረኛም ይታያል፤ ያዳነችው ኳስ በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ይቀርባል። ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆም አማካይ ሥራ ግን በትክክል ሲሠራ ምንም ነገር አይፈጠርም። የመስመር ተከላካይዋ ወደፊት ስትሄድ ክፍተቷን የሚሸፍን አለ፤ ስለዚህ ጎል አልተቆጠረም። የተቃራኒው ቡድን አጥቂ ለመዞር ስትሞክር ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ከጎኗ የቆመ አለ፤ ስለዚህ ኳሱን ወደኋላ መለሰችው። የተነጠቀው ኳስ ሳይቆይ ለባለሙያዋ ተሰጠ፤ ጭብጨባው ለባለሙያዋ ሆነ። ሊሆን ሲል ያልሆነን ነገር የሚመዘግብ የለም።

ብራዚሎች ይህን ቦታ «ቮላንቴ» ይሉታል። ቃሉ በቋንቋቸው የመኪና መሪ ማለትም ነው። ስሙ የመጣው ግን በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ሪዮው ፍላሜንጎ ከመጣ ካርሎስ ቮላንቴ ከሚባል አርጀንቲናዊ ተጫዋች ነው ይባላል። የሆነው ሆኖ የእኛ ሾፌሮች ያንኑ ክብ ነገር «መሪ» ማለታቸው ደስ ይለኛል። መኪናው ሲያምር የሚደነቀው ቀለሙ ነው፤ ሲፈጥን ሞተሩ ነው። መሪው የሚታወሰው እምቢ ያለ ዕለት ነው።

ፎርሚጋ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ትባላለች። ቃሉ ለወንዶቹ ሲነገር ቪላና መኪና ይታየናል። ለእሷ ትውልድ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሳኦ ፓውሎና በሌሎችም የብራዚል ክለቦች ተጫውታለች፤ በዚያን ጊዜ የሴቶች ቡድን ማለት አንድ ዓመት ተቋቁሞ በሌላው የሚፈርስ ነገር ነበር። በ2004 ወደ ስዊድን ሄዳ ለማልሞ ተጫወተች። ከዚያም አሜሪካ። በ2009 ጎልድ ፕራይድ ለሚባል የካሊፎርኒያ ክለብ ተሰለፈች፤ ክለቡ በ2010 ሻምፒዮን ሆኖ በዚያው ዓመት ፈረሰ። በዚያ ዓመት እሷ ቺካጎ ነበረች፤ ሊጉ ራሱ በ2012 ተዘጋ። እንዲህ ያለውን የሥራ ታሪክ በማመልከቻ ላይ ያየ ቀጣሪ «ይቺ ሰው አንድ ቦታ አትረጋም» ማለቱ አይቀርም። ያልረጋው ግን መሬቱ ነበር።

ወደ አገሯ ተመልሳ ሳኦ ዦዜ ከሚባለው ክለብ ጋር በ2011፣ በ2013 እና በ2014 የደቡብ አሜሪካን የክለቦች ዋንጫ ወሰደች። በ2014 መጨረሻም ክለቡ ጃፓን ድረስ ሄዶ የእንግሊዙን አርሰናል 2 ለ 0 አሸንፎ ተመለሰ። ዛሬ ያለው የብራዚል የሴቶች ብሔራዊ ሊግ የተጀመረው በ2013 ነው። አስቡት፤ የእግር ኳስ አገር በምትባለው አገር ይህ ሊግ ሲጀመር ፎርሚጋ የ35 ዓመት ሴት ነበረች። ወንድ አማካዮች ጫማቸውን በሚሰቅሉበት ዕድሜ የእሷ አገር ገና ሜዳ ማዘጋጀት መጀመሯ ነው።

በብሔራዊ ቡድኑ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ የፍጻሜ ጨዋታ ታሪክ ነው፤ የሚያሳዝነው ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በ1999 ኖርዌይን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ሦስተኛ ወጡ። በ2004 አቴንስ ላይ በጭማሪ ሰዓት በአሜሪካ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2008 ቤይጂንግ ላይ እንደገና በጭማሪ ሰዓት፣ እንደገና በአሜሪካ፣ 1 ለ 0። በመካከሉ በ2007 በቻይናው የዓለም ዋንጫ በግማሽ ፍጻሜው አሜሪካን 4 ለ 0 ረትተው ሻንግሃይ ላይ ለፍጻሜ ቢደርሱም በጀርመን 2 ለ 0 ተሸነፉ። ሜዳልያ ሊቀበሉ ሲወጡ ተጫዋቾቹ አንድ ጽሑፍ ይዘው ነበር፤ «ብራዚል ሆይ፣ ድጋፍ እንፈልጋለን» የሚል። የዓለም ሁለተኛ የሆነ ቡድን ከሽልማት መድረክ ላይ ሆኖ ለገዛ አገሩ አቤቱታ ሲያቀርብ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ከሁሉ ይበልጥ የምትገልጻት ግን ብዙ ሰው የማያስታውሳት ጎል ናት። ጁን 9 ቀን 2015፣ ሞንትሪያል፣ ብራዚል ከደቡብ ኮሪያ። የኮሪያዋ ተከላካይ ወደ ኋላ ደካማ ኳስ ትመልሳለች። ፎርሚጋ ቀድማ ደርሳ ነጠቀችና አገባችው። በ37 ዓመቷ በዓለም ዋንጫ ታሪክ ጎል ያገባች በዕድሜ ትልቋ ሴት ሆነች። በዚያው ጨዋታ ማርታ በፍጹም ቅጣት ምት 15ኛ የዓለም ዋንጫ ጎሏን አስቆጥራ የጀርመኗን የቢርጊት ፕሪንዝን ክብረ ወሰን አለፈች። ዓለም የማርታን ጻፈ። ጎሉም ቢሆን እኮ የመሐል ሜዳ ጎል ነው፤ ማንም ሳያቀብላት፣ የሰውን ስሕተት አስቀድማ አንብባ ያገኘችው። ማርታን ማሳነሴ አይደለም፤ ማርታ ማርታ ናት። የምለው፣ ማርታ ኳሱን ስትቀበል አንገቷን ሳታዞር መቀበል የቻለችው ከኋላዋ ማን እንዳለ ስለምታውቅ ነው።

አሁን ወደሚያከራክረኝ ነገር ልምጣ። በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ በገዛ አገራቸው ሲካሄድ ብራዚሎች በግማሽ ፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት በስዊድን ተሸንፈው አራተኛ ወጡ። ፎርሚጋ 38 ዓመቷ ነበር። በቃኝ አለች። በዲሴምበር ማናውስ ከተማ ላይ የስንብት ጨዋታዋን አድርጋ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ በ2018 ተመልሳ ተጠራች፤ ተመልሳም መጣች። በ2019ኙ የዓለም ዋንጫ ላይ ወንድሜና እኔ ያየናት ስምንት ቁጥር እንግዲህ ጡረታ ወጥታ ከቤቷ የተጠራች ሴት ነበረች። ከጎኗ ከተሰለፉት መካከል እሷ በ1995 የመጀመሪያዋን የዓለም ዋንጫ ስታይ ገና ያልተወለዱ ነበሩ።

ጋዜጦቹ ይህን «ተአምር» አሉት። «ብረት ሴት» ያሏትም አሉ። እኔ ግን ይህ ዓይነቱ ውዳሴ ያስፈራኛል። በአገራችንም የለመድነው ነው። አንዲት እናት በሰባ ዓመቷ እንጀራ ስትጋግር ካየን «እሷ እኮ ድካም አታውቅም!» እንላለን፤ ተነሥተን ምጣዱን አንቀበላትም። ማድነቃችን ምጣዱን ላለመቀበል የተሰጠ ፈቃድ ይሆናል። 200 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር ለመሐል ሜዳዋ የ40 ዓመት ሴት ከጡረታ የጠራችው ሴትየዋ ተአምር ስለሆነች ብቻ አይደለም። እሷ በ17 ዓመቷ ስትጀምር ከኋላዋ መምጣት የነበረባቸው ልጆች በየሰፈራቸው ስለቀሩ ነው። ኳስ የሚያስተምራቸው ክለብ፣ የሚወዳደሩበት ሊግ አልነበረም። የ38 ዓመት እገዳ በአንድ ፊርማ ይነሣል፤ ያጎደለው ትውልድ ግን በፊርማ አይተካም።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ጁን 23 ቀን 2019 ሌ አቭር ላይ ፈረንሳይ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፋ ብራዚልን ካስወጣች በኋላ ማርታ እያለቀሰች ወደ ካሜራው ዞረች። የተናገረችው ለአገሯ ልጃገረዶች ነበር። ፎርሚጋ ለዘላለም አትኖርም፤ ማርታም ለዘላለም አትኖርም፤ ክሪስቲያኔም እንዲሁ፤ የሴቶች እግር ኳስ በሕይወት የሚቆየው በእናንተ ነው አለቻቸው። የመጀመሪያው ስም የፎርሚጋ እንደነበር ልብ ይሏል። ታላቋ አጥቂ ሊያጡት ነው ብላ ካስጠነቀቀችው ነገር መጀመሪያ የጠራችው ጎል አግቢዎቹን ሳይሆን አማካይዋን ነው።

በሌላ በኩል፣ ወንድሜ ይህን ክርክሬን ሲሰማ «ልጅቷን ግን አሳዘንሻት» አለኝ። «እሷ እኮ መጫወት ስለምትወድ ነው።» ልክ ነው፤ ማንም በጅራፍ ሜዳ አላስገባትም። ብሔራዊ ቡድኑን በተሰናበተች በወሩ፣ በጃንዋሪ 2017፣ ሌላዋ ሴት ብትሆን የልጅ ልጅ በምታቅድበት ጊዜ፣ ፓሪ ሳን ዠርመን አስፈረማት። 39 ሊሆናት ሁለት ወር ነበር የቀራት። በዚያው ዓመት ክለቧ ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ፍጻሜ ደርሶ በሊዮን በፍጹም ቅጣት ምት ተረታ። ሊዮን በፈረንሳይ ሊግ 14 ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረ፣ ማንም የማይደፍረው ቡድን ነው። በ2021 ያ ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ፓሪሶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሡ። ፎርሚጋ 43 ዓመቷ ነበር። ዋንጫውን ይዛ ወደ ጀመረችበት ወደ ሳኦ ፓውሎ ተመለሰች። ይህ የተገደደ ሰው ሥራ አይመስልም። እኔ ሁለቱም እውነት ነው እላለሁ፤ ሥራዋን ወደደችው፣ ተረካቢም አልነበራትም። የወደደ ሰው ተረካቢ አያሻውም ያለ ማን ነው?

የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ የትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ ገብታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ታኬታዋን በፌስታል ጠቅልሎ የሚያደርሳት እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። መሐል ነው የምትጫወተው። ማን እዚያ እንዳስቆማት ስጠይቃት «ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ አክስቴ። ፊት ሲሆን ኳሱ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ፤ መሐል ግን ሁሌም ሥራ አለ» አለችኝ። ወንድሜ ዳር ቆሞ እንደ ድሮው እየጮኸ «አቀብዪው! አቀብዪው!» ይላል። አላቀበለችም። ቀና ብላ አየችና ኳሱን ወደ ሌላው መስመር አዞረችው። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «ወቸ ጉድ፣ አንገቷ!» ሲሉ ሰማሁ።

ፎርሚጋ ለብሔራዊ ቡድን የመጨረሻ ጨዋታዋን ያደረገችው ኖቬምበር 25 ቀን 2021 ነው፤ በዚያው በማናውስ፣ ከሕንድ ጋር። ብራዚል 6 ለ 1 አሸነፈች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2020፣ የአገሪቱ ፌዴሬሽን ለብሔራዊ ቡድን የሚጠሩ ሴቶች ከወንዶቹ እኩል የውሎ አበልና ሽልማት እንዲከፈላቸው ወስኖ ነበር። ውሳኔው ሲወጣ እሷ 42 ዓመቷ፣ በብሔራዊ ቡድኑም 25 ዓመት የሞላት ነበረች።

በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ብራዚሎች ያለ ፎርሚጋ ሄዱ፤ የሴቶች እግር ኳስ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ለፍጻሜ ደርሰው በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ፊፋ የ2027ን የሴቶች የዓለም ዋንጫ ለብራዚል ሰጠ፤ በደቡብ አሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው። በ2025 ጨዋታው የሚካሄድባቸው ስምንት ከተሞች ተለይተው ተነገሩ። ሳልቫዶር አንዷ ናት። ሜዳው ፎንቴ ኖቫ ይባላል፤ ያለውም ከከተማዋ እምብርት ላይ ነው።